ጓድ ሊቀመንበር፣ ሂስ አለኝ

በደርግ ጊዜ ነው፣ አንድ እሑድ ጠዋት... ጅማ፣ የቀበሌያችን አዳራሽ ውስጥ ተሰብስበናል። ከተማውን ማጅራት ገትር ይዞታል። ሊቀመንበሩ ግን የሚያወራው ስለ ኪነት ነው።

«ቅዳሜ የኪነት ቡድናችን ትርኢት ያቀርባል። ቤተሰብ በሙሉ ይገኛል። ያልተገኘ የወሩን ስኳር አያገኝም።»

ባለፈው ትርኢት ታላቋን ልጄን ይዤ ሄጄ ነበር። ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ፣ መስኮቱ ተዘግቶ። በሳምንቱ ማጅራቷ ተገተረ። ነፍሷ ተረፈች... ከዚያ ወዲህ ግን አትሰማም።

አሁን ደግሞ ታናሿ አለች። ልውሰዳት? ልቅር? መቅረት በዚያ ጊዜ የስኳር ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ስም ይያዛል።

አጠገቤ የተቀመጡት ጎረቤቴ አባ ቢያ፣ ቡና ነጋዴው፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ሊቀመንበሩ ራሱ ልጆቹን ከጅማ አውጥቶ ሰርቦ፣ አያታቸው ጋ አሽሽቷቸዋል። ዱጋ ነው፣ እውነት ነው፣ ወላሂ፣ በዓይኔ አይቻለሁ።»

እጄን አወጣሁ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ሂስ አለኝ።»

«ቀጥል፣ ጓድ መምህር።»

«የርስዎ ልጆች ሰርቦ ናቸው ይባላል። የመሪ ልጆች ለሕዝብ ልጆች አርአያ መሆን አለባቸው። ቅዳሜ ፊተኛው ረድፍ ላይ እንዲቀመጡ ሐሳብ አቀርባለሁ።»

አባ ቢያ አጨበጨቡ። አዳራሹ ተከተላቸው። የተጨበጨበለትን ሂስ አልቀበልም ማለት አይቻልም፤ እንዲህ ያስተማረን ራሱ ነው።

«ሂሱን ውጫለሁ» አለ ሊቀመንበሩ። ወደኔ አላየም።

ዓርብ አመሻሽ ላይ ቤቴ መጣ። ብቻውን። ተቀመጥ ብለው አልተቀመጠም።

«መምህር... ያንን ሂስ ሳብልኝ።»

«የተዋጠ ሂስ ይተፋል እንዴ፣ ጓድ?»

«ልጆች ናቸው እኮ።»

«የኔዋስ ምን ነበረች?»

ባርኔጣውን በእጁ አዟዟረው። ወጣ። ባለቤቴ የጓዳው በር ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች።

ቅዳሜ ጠዋት በድምፅ ማጉያ ተለፈፈ። ትርኢቱ በመብራት ችግር ምክንያት ላልተወሰነ ጊዜ ተላልፏል።

«ተመስገን» አለች ባለቤቴ፣ ትንሿን አቅፋ። እኔም ተመስገን አልኩ።

ግን እውነቱን ልንገራችሁ... የሊቀመንበሩን ልጆች ፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠው አለማየቴ ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ ዋለ።