ደረቅ በረዶ

ባሌን ወርቅአፈራሁን ሰው ሁሉ «ደረቅ» ይለዋል። እውነታቸውን ነው! ልጃችንን ቤተልን የዳርን ቀን የተቀረጸው ቪዲዮ ካሴት ላይ፣ ቸርቹ ሙሉ ሰው ሲላቀስ እሱ ወንበር ሲደረድር ይታያል።

ሥራው ካዚኖ ውስጥ፣ ከመድረክ ጀርባ ነው። ደረቅ በረዶ የሚሉትን ነገር ሙቅ ውሃ ውስጥ እየጨመረ ለዳንሰኞቹ ጉም ይሠራል። ሥራ የጀመረ ሰሞን ከበረዶው ሣጥን ሥር ባልዲ ደቅኖ፣ ሲቀልጥ ሊወለውል ቢጠብቅ ጠብ የሚል ነገር የለም። የሥራ ባልደረቦቹ ስቀውበታል።

ቤተል ባሏን ተከትላ አሜሪካ፣ ሲያትል ከሄደች ከወራት በኋላ፣ አንድ ቀን ከዚያ በረዶ ቁራጭ በፎጣ ጠቅልሎ አመጣልኝ። በረንዳችን ላይ ሳህን ውስጥ አስቀመጠው።

«እንዳትነኪው፣ ያቃጥላል» አለኝ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ነጩ ጉም ከሳህኑ እየፈሰሰ እግራችንን ሸፈነው፤ ደመና ላይ የተቀመጥን መሰለኝ።

«ውሃው የታለ?» አልኩት።

«ውሃ አይሆንም። ከጠጣርነቱ በቀጥታ ወደ ጋዝ ተለውጦ ይሄዳል።»

«እንዳንተው ደረቅ ነዋ!»

ሲመሽ ተነስቶ የበረንዳውን መብራት አበራ። ሳሙና ያህል የነበረው በረዶ ክብሪት አከለ፣ ከዚያ ባቄላ አከለ፣ ከዚያ የለም። ሳህኑን ብዳስሰው ጠብታ የለበትም።

ቀና ብዬ ባሌን አየሁት። ሸሚዙ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል፤ ቀበቶው ላይ በምስማር የተበሳ አዲስ ቀዳዳ አለ።

ለካ እኔ እንባውን ስጠብቅ፣ ሰውዬው እያለቀ ኖሯል።