ሰባተኛው ፎቅ

ገና ያልተሠራ ሕንፃ አጥር ላይ የሚሰቀል ሥዕል አላምንም። ሰው "ምን ያጠራጥርሻል?" ይለኛል። ብዙ ነገር ያጠራጥረኛል።

ልጅ ሆኜ፣ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ፣ ከቤታችን ፊት ለፊት ያለው ባዶ ቦታ በቆርቆሮ ታጠረና የአንድ ባለ መስታወት ሕንፃ ትልቅ ሥዕል ተሰቀለበት። የሰፈር ልጆች አላፊ አግዳሚውን መኪና "የኔ ነው!" እያልን እንደምንሻማው ሁሉ፣ ፎቆቹንም ተሻማናቸው። ሰባተኛው የኔ ሆነ። በረንዳው ላይ ብርጭቆ የያዘች ሴት ቆማለች። ሳድግ እሷን እንደምሆን ቅንጣት አልተጠራጠርኩም፤ አቋቋሟን ሳይቀር በራችን ላይ እለማመድ ነበር።

እናቴ ግን ሥዕሉን ዞር ብላም አታየውም። ቅናት ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን እጇን ጎትቼ ወሰድኳትና ፎቄን አሳየኋት። ቀና እንኳ አላለችም። ከሥዕሉ ግርጌ የሆነ ነገር ስትፈልግ ቆየችና፣

"እኛ ቤት የታለ?" አለችኝ።

እኔም ፈለግኩ። አስፋልቱ አለ። ከአስፋልቱ ወዲህ፣ ቤታችን መሆን ያለበት ቦታ ላይ፣ ለምለም ሣር ነው። ሣሩ ላይ አንድ ነጭ ውሻ ተጋድሟል፤ ልክ አልጋችን ያለበት ቦታ ላይ።