የዞረ አንገት

ከታኅሣሡ ግርግር ወዲህ በፒያሳ ሻይ ቤቶች ጮክ ብሎ የሚያወራ ጠፍቷል። ጆሮ ጠቢ ነው የሚባለው ሰውዬ ሲገባማ ጨርሶ ዝም ይባላል።

ስሙን አላውቅም። አንገቱ ወደ ግራ ተጠምዝዞ ስለቀረ አገጩ የኮቱን ኮሌታ በአንድ በኩል ብቻ በልቶታል። ፊቱ ወደ ጎን ሲዞር ቀኝ ጆሮው ከፊቱ በተቀመጡት ሰዎች ላይ ይደቀናል፤ ለዚህ ይመስለኛል ሁልጊዜ ግድግዳ ፊት ለፊት የሚቀመጠው። ጣቱን አገጩ ላይ ሲያሳርፍ አንገቱ ለጥቂት ጊዜ ቀጥ ይላል። ያንንም ሰዎች ምልክት መስጠቱ ነው ይላሉ።

"ጋሼ፣ ዛሬስ ማንን ሊያዳምጡ ነው?" አለው አስተናጋጁ ወልደገብርኤል፣ ሻዩን እያስቀመጠ።

ሰውዬው አልተቆጣም። "ማንንም አላዳምጥም ወንድሜ። ሐኪሙ የጅማት ነገር ነው፣ ምክንያቱንም መድኃኒቱንም አላውቅም አለኝ። ጠበልም ሞከርኩ። ነገ ጧት ከራስ መኮንን ድልድይ ሥር ያለው ወጌሻ በኃይል ሊመልሰው ነው።"

የወልደገብርኤል ፈገግታ ጠፋ። "አንገት እኮ ነው ጋሼ! ትንሽ ካለፈ..."

"እጁ መድኃኒት ነው ይላሉ። ሰው እንዲህ እየሸሸኝ ከምኖር ይሞክረኝ።"

ሻዩን ጠጥቶ ወጣ። በሩ እንደተዘጋ ከኋላዬ የተቀመጠ አንድ ነጋዴ "አመናችሁት?" አለ በሹክሹክታ። "ወጌሻውን ሊሰልል ነው የሚሄደው። እዚያ ቤት የማይወራ ነገር የለም።"

"እንግዲያው ወጌሻው ማን እንደሚመጣበት ቀድሞ ይወቅ" አለ አጠገቡ ያለው። ባርኔጣውን አነሣና ወደ ድልድዩ ወረደ።