አሪፋና የተሰረቀው የሽንኩርት ትምህርት

አሪፋ ሱሌይማን ድምፀ ጎላ ያለች ሴት ናት። ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ ባለ አንድ ቀበሌ የግብርና ልማት ሠራተኛ ሆና ስትቀጠር ገበሬዎቹ ቀድመው የለመዱት ፊቷን ሳይሆን ድምፅዋን ነው። ከሮቢ ወንዝ ማዶ ሆና «ቦዩን ዝጉት፣ ውሃው በዝቷል» ስትል ወዲህ ማዶ ያለ ሰው ሁሉ ይሰማታል።

የምታስተምረው ሽንኩርት ነው። ችግኝ እንዴት እንደሚፈላ፣ መቼ ከመደቡ ተነሥቶ ወደ ማሳ እንደሚዛወር፣ በምን ያህል ቀን ውሃ እንደሚጠጣ። ገበሬው ብዙ፣ የእሷ እግር ሁለት ብቻ ቢሆንባት፣ አንድ ቀን ስልኳን ባላ እንጨት ላይ አሥራ ትምህርቱን ቀረጸችውና በቴሌግራም ለቀቀችው።

የምትቀርጸው በጋሽ አብዱልሃዲ ማሳ ላይ ነበር። ጋሽ አብዱልሃዲ ሰባ ዓመት የደፈኑ ገበሬ ናቸው። ማሳቸው ዳር ፓፓያ አለች፤ አሪፋ ቦታውን የመረጠችው ለጥላዋ ብላ ነው። ሽማግሌው መጀመሪያ ነገሩን አላመኑትም። «ማንን ነው የምታስተምሪው? እዚህ ከኔ በቀር ሰው የለም» ይሏት ነበር። ከመቂና ከቆቦ ገበሬዎች እየደወሉ ሲጠይቋት በጆሯቸው ሲሰሙ ግን አመኑ። ከዚያ ወዲህ በቀረጻ ቀን ንጹሕ ሽርጥ አገልድመው ይመጣሉ።

በሦስተኛው ዓመት አሪፋ አሥራ ሁለት ክፍል ያለው ሙሉ ትምህርት አዘጋጀች። ይህኛው በክፍያ ነበር፤ ለማይክና ለኢንተርኔት የሚሆን ከተገኘ ይበቃኛል ብላ ትንሽ ዋጋ አወጣችለት።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ከዝዋይ አንድ ሰው ደወለላት።

«እህት፣ የገዛሁት ትምህርት ሰባተኛው ክፍል አልከፈት አለኝ» አላት።

ስሙን ከተማሪዎቿ ዝርዝር ፈልጋ አጣችው። «ከማን ነው የገዛኸው?»

«ከመሳፍንት ነዋ። ቁጥርሽን ከቪዲዮው ጥግ ላይ አገኘሁት። የሱ ጸሐፊ አይደለሽም እንዴ?»

መሳፍንት ደብረ ብርሃን ተቀምጦ በኢንተርኔት «የግብርና አማካሪ ነኝ» የሚል ሰው ነው። አሪፋ ገጹን ከፍታ አየች። አሥራ ሁለቱም ክፍል ተደርድሯል። ደረቷ ላይ የእሱ ዓርማ ተለጥፏል። «የምታዩአት ሠራተኛዬ ናት» ይላል ጽሑፉ። እሷ ችግኙን እያሳየች አፏን ስትከፍት የሚወጣው የወንድ ድምፅ ነው። መጀመሪያ ሳቋ መጣ። ሁለተኛውን ክፍል ስታይ ግን ሳቁ ጠፋ።

በትሕትና ጻፈችለት፤ ሥራው የእሷ መሆኑን ነግራ እንዲያወርደው ለመነችው። በማግስቱ መልሱን ለእሷ ሳይሆን ለተከታዮቹ ሁሉ ለቀቀው። «አሪፋ የምትባል የቀድሞ ሠራተኛዬ ትምህርቴን ሰርቃ ትሸጣለች። ዲፕሎማዋ የተገዛ ነው። ምክሯን ሰምተው ችግኛቸው የደረቀባቸው ገበሬዎች ብዙ ናቸው።»

ወሬው ከስልክ ወደ ስልክ ሄደ። አንድ የገበሬዎች ማኅበር ለሚቀጥለው ወር የያዘላትን ሥልጠና «ለጊዜው ይቆይ» አለ። ሊቀመንበሩ ይህን ሲነግራት ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። ከሁሉ ያንገበገባት ይህ ነው። ስርቆቱን እንኳ «ይብላው» ብላ ልትተወው ትችል ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ምንም ሳትቀርጽ ቆየች።

ጋሽ አብዱልሃዲ ቢጨንቃቸው ቤቷ ድረስ መጡ።

«ልጄ፣ ምነው ጠፋሽ? አሞሽ ነው?»

ነገሩን ነገረቻቸውና አራተኛውን ክፍል አሳየቻቸው። ሽማግሌው ስልኩን ከዓይናቸው አራቅ አድርገው ተመለከቱ። መሐል ላይ አሪፋ ዝም ባለችበት ቦታ የሳቸው ጩኸት ይሰማል፤ አህያቸው ችግኙ ውስጥ ገብታ «ውጪ አንቺ የተረገምሽ» እያሏት ነው። መሳፍንት የአሪፋን ድምፅ ሲያጠፋ ይህን አልነካውም። «ይቅርታ፣ ረዳቴ ናቸው» የምትል የራሱን ቃል ብቻ ጨምሮበታል።

ጋሽ አብዱልሃዲ ቀና አሉ። «ማን ነው ረዳቱ?»

«አንቱን ማለቱ ነው።»

«በገዛ ማሳዬ? ወላሂ አርባ ዓመት ያረስኩት መሬት ነው። ተነሺ ልጄ፣ ሕግ ወዳለበት እንሂድ።»

አሪፋ ከሁለት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከት ብላ ሳቀች።

ሰናይት የምትባል ጠበቃ በሸዋ ሮቢት ዋና መንገድ ዳር፣ ከአንድ ፎቶ ቤት በላይ ቢሮ አላት። አሪፋ በባጃጅ ስትሄድ ለመሳፍንት የሚሆን መልስ መንገድ ላይ ጽፋ ጨርሳ ነበር።

«ልለጥፈው?» ብላ አነበበችላት። ስለ መሳፍንት አፍንጫ ሳይቀር ተጽፎበታል።

ሰናይት እስከ መጨረሻው አዳመጠቻት፤ ሳቀችም። «ጥሩ ጽፈሻል። አሁን አጥፊው» አለቻት። «አንዲት ስድብ ብትለጥፊ ነገ እሱ ከሳሽ፣ አንቺ ተከሳሽ ትሆኛለሽ። ተበድያለሁ ብሎ የሰው ስም ማጥፋት አይፈቀድም።»

ከዚያ ምን ይዛ እንደምትመጣ ነገረቻት፦ እሱ የጻፈው ሁሉ ከነቀኑ በፎቶ ተነሥቶ፣ ያልተቆረጡት ዋና ቅጂዎች፣ ዲፕሎማዋ፣ ሥልጠናውን ካቆየው ማኅበር ደግሞ ደብዳቤ።

«ሥራሽን ያለ ፈቃድሽ አባዝቶ መሸጡ አንድ ጥፋት ነው» አለቻት። «ስምሽን ማጉደፉ ሌላ ጥፋት ነው። እንዲያወርድ፣ እንዲክስ፣ ባጠፋበት ቦታም እንዲያስተካክል እንጠይቃለን። ሆን ብሎ ለጥቅም ማድረጉ ደግሞ በወንጀልም ያስጠይቀዋል፤ እስር አለው።»

«መታሰሩን አልሻም» አለች አሪፋ። «ስሜን ይመልስልኝ።»

ጉዳዩ የታየው ደብረ ብርሃን ነው። ወሩ ታኅሣሥ ነበር። ዳገቱን ሲወጡ ጣርማ በር ላይ ጉሙ የመኪናውን መስኮት ሸፈነው። በስስ ሸሚዝ የመጡትን ጋሽ አብዱልሃዲን ሰናይት በሻርፗ፣ አሪፋ በጃኬቷ ጠቀለሏቸው።

«እዚህ አገር ሽንኩርት ቢተከል ጋቢ ይፈልጋል» አሉ ሽማግሌው ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ።

መሳፍንት በችሎቱ ፊት ረጋ ብሎ ተናገረ። ትምህርቱን የቀረጸው ከደብረ ብርሃን አጠገብ ባለው በገዛ ማሳው ላይ እንደሆነ፣ አሪፋም የቀን ሠራተኛው እንደነበረች አስረዳ። ዳኛዋ ቪዲዮው እንዲታይ አዘዙ። ቀጥሎ ጋሽ አብዱልሃዲ ምለው ለምስክርነት ቆሙ።

«ማሳውን ያውቁታል?» አሏቸው ዳኛዋ።

«የኔ ነው፣ ክብርት ዳኛ። የሚጮኸውም እኔ ነኝ።»

«ማን ላይ ነው የሚጮኹት?»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። «አህያዬ ላይ። የተናገርኩትም ደግ አልነበረም።»

ችሎቱ ውስጥ ያለው ሰው ሳቁን ዋጠ። ዳኛዋ «የርስዎ ለመሆኑ ሌላ ምልክት አለው?» አሉ።

«ከልጅቷ ኋላ ያለችውን ፓፓያ የተከልኩ እኔ ነኝ።»

ዳኛዋ ቪዲዮውን አስቁመው ፓፓያዋን በደንብ አዩዋት። ወደ መሳፍንት ዞሩ። «ውርጭ በሚጥልበት በዚህ አገር ይህች ፓፓያ የቱ ጋ ነው የበቀለችው?»

መሳፍንት ጠበቃውን አየ። ጠበቃው ደግሞ የያዘውን ወረቀት አየ።

ሰናይት ዋናውን ቅጂ ከነቀኑ አሳየች፤ የአሪፋ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ዲፕሎማውም ከሰጠው ኮሌጅ ተጠይቆ ትክክለኛነቱ ተረጋገጠ። ከሁለት ቀጠሮ በኋላ ውሳኔው ተነበበ፦ መሳፍንት ቪዲዮዎቹን እንዲያወርድ፣ ካሳና ወጪ እንዲከፍል፣ ማስተካከያውንም በዚያው ገጽ ላይ ለሠላሳ ቀን እንዲያቆይ። የሰው ሥራ ወስዶ ባለቤቷን ሌባ ማለቱ ጥፋቱን እንዳከበደው ዳኛዋ አንብበው ጨረሱ።

ኮሪደሩ ላይ መሳፍንት ወደ አሪፋ ቀረበ። ዕድሜው ከእሷ ብዙም አይበልጥም።

«እዚህ ይደርሳል ብዬ አላሰብኩም» አላት። «ኢንተርኔት ላይ የወጣ ነገር የሁሉም ይመስለኝ ነበር።»

«የሁሉም ከሆነ ለምን ሸጥከው?»

ጋሽ አብዱልሃዲ ከጃኬቱ ውስጥ አንገታቸውን ብቅ አደረጉ። «የኔስ ነገር? ረዳት ብለኸኛል።»

«ይቅርታ አባቴ፣ እሱንም እጽፋለሁ።»

ቃሉን ጠበቀ። በማስተካከያው መጨረሻ «ጋሽ አብዱልሃዲ የማንም ረዳት አይደሉም፤ የማሳው ባለቤት ናቸው» የሚል ዓረፍተ ነገር ተጨመረ። ፍርድ ቤቱ ይህን አላዘዘም። የቀበሌው ገበሬዎች ግን ከጠቅላላው ጽሑፍ የተቀባበሉት እሱን ነው።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ሥልጠናው እንዲካሄድ ሊለምን ራሱ መጣ። አሪፋ አላጉላላችውም። በሥልጠናው ቀን ወንበር አልበቃ ብሎ ሰው የማዳበሪያ ከረጢት አንጥፎ ተቀመጠ።

ዘንድሮ ማሾ ስለሚባለው ጥራጥሬ ማስተማር ጀምራለች። በቅርቡ አሊዩ አምባ ድረስ ሄዳ ሴቶችን ሰብስባ እህሉ ከነቀዝ እንዴት እንደሚጠበቅ አሳየቻቸው። ዘምዘም የምትባል እናት ትምህርቱን ስልኳ ላይ ከተቀበለች በኋላ እያመነታች ጠየቀቻት።

«ለእህቴ ብልክላት ያስከስሰኛል?»

«ይሄ ነፃው ነው፣ እትዬ ዘምዘም። ይላኩላት፤ ያልገባት ካለ ለኔ ትደውል።»

ዘምዘም የእህቷን ቁጥር ፈልጋ ላከችላት። ከዚያ ሁሉም ሰፌዳቸውን አንሥተው ማሾውን ማበጠር ቀጠሉ።