መርጃን ራሱን የሚንጥበት ምክንያት

ባለፈው ወር አንድ ጠዋት ካርቱም ውስጥ ካላክላ ሰፈር ባለው ቤቴ በር ላይ የውኃ ካሮ ቆመ። ከጦርነቱ ወዲህ ቧንቧው ስለማይሠራ ሰፈሩ ውኃ የሚገዛው በርሜል ከጫኑ ጋሪዎች ነው፤ ጋሪውን እዚህ ካሮ እንለዋለን። አብዛኛውን ጊዜ የሚጎትቱት አህዮች ናቸው። የዚያን ቀን የመጣው ግን አጥንቱ የሚቆጠር ዳማ ፈረስ ነበር። ጄሪካኔ እስኪሞላ ቆሜ ስጠብቅ ፈረሱ ጭንቅላቱን ወደ ላይ ወረወረ። ትንሽ ቆየና እንደገና ወረወረ፤ ከዚያ በኋላ አላቆመም። ጢሙ የሸበተው ባለ ካሮ በልምጭ አንገቱን ጠበጠበው።

«አትምታው» አልኩት።

«ዓኒድ ነው፣ ያ ሐጅ» አለኝ። እልኸኛ ነው ማለቱ ነው፤ ሐጅ የሚለኝ ሽማግሌ ስለሆንኩ ነው።

ይህ ቃል ስለ ፈረስ ሲነገር ከሰማሁ ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ ሆኖታል። ወደ ፈረሱ ጠጋ አልኩ። መጀመሪያ ዝንብ ይሆን ብዬ ጆሮውንና የዓይኑን ዙሪያ አየሁ፤ ያን ያህል የለም። የጋሪው ማሰሪያ የሚያርፍበትን ትከሻውን በመዳፌ ዳሰስኩት፤ አልሸሸኝም። ልጓሙን ስነካ ግን ዓይኑ ፈጠጠ። የዛገው ብረት የአፉን ጠርዝ በልቶታል። ሰውየውን ቁስሉ እስኪድን ያለ ብረት፣ በገመድ ብቻ እንዲነዳው ነገርኩት። «ኢንሻአላህ» ብሎኝ ሄደ። ያድርገው አያድርገው አላውቅም። እኔ ግን ውኃውን ሳላስገባ በሩ ላይ ተቀምጬ ቀረሁ።

ካርቱም የገባሁት በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ጥቂት ወራት ሠርቼ ወደ ሊቢያ ልሻገር። የተወለድኩት እንጅባራ አጠገብ ነው። በእኛ አገር ፈረስ የሌለው ሰው ለሠርግም ለለቅሶም ግማሽ ሰው ስለሆነ፣ እኔም ያደግኩት ከፈረስ ጋር ነው። ካርቱም ግን ይህን የጠየቀኝ አልነበረም። ሲሚንቶ ተሸከምኩ፤ ጉድጓድ ቆፈርኩ። ቀን ቀን ሰውነቴ በላብ ይታጠባል፤ ሲመሽ ሳጃና ሰፈር የአገሬ ሰው እትዬ የሺ ቤት ሄጄ ፉል በሰሊጥ ዘይት እበላለሁ። እትዬ የሺ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሱዳናዊው ባላቸው የባቡር ሠራተኛ ሆኖ ኖሮ ሞቶባቸዋል። አንድ ልጃቸው ያሲን የእኔ እኩያ ነው። አማርኛው የተሰባበረ ነበር፤ ለሴቱም ለወንዱም፣ ለትልቁም ለትንሹም «አንተ» ይላል። እናቱንም ሳይቀር። እሳቸውም ይስቁበት ነበር።

ያሲን የሚሠራው ከጀብራ ሰፈር ወዲያ፣ ያኔ ባዶ ሜዳ በነበረው ቦታ፣ ዑስማን በሚባል ባልደራስ ጋጣ ውስጥ ነው። የእሽቅድምድም ፈረስ ይጋልብ ነበር። አንድ ቀን ፖሊሶች ወረቀት የሌለውን ሐበሻ ሁሉ ሲያፍሱ እኔም ታፈስኩ። ያሲን ሮጦ አለቃውን ጠራው። ዑስማን ረጅም፣ ቀጭን፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነበር፤ ሁላችንም «አም ዑስማን» እንለዋለን፣ አጎቴ እንደማለት። ጣቢያው ድረስ መጥቶ፣ ከዚያ በፊት ዓይቶኝ የማያውቀውን ሰው፣ «ይህ የእኔ ሠራተኛ ነው» አለ። ከማግስቱ ጀምሮ ሠራተኛው ሆንኩ። ፋንድያ እጠርጋለሁ፣ ውኃ አጠጣለሁ፣ በርሲም የሚባለውን አረንጓዴ መኖ አቀርባለሁ። ወደ ጋጣው ስገባ የሚቀበለኝ ሽታ የአገሬ ሽታ ስለነበረ ሊቢያን እየረሳሁ ሄድኩ።

ከፈረሶቹ ሁሉ የሚበልጠው መርጃን ነበር፤ የአንድ ነጋዴ ንብረት፣ ቀይ ዳማ፣ ግንባሩ ላይ ጣት የምታህል ነጭ ያለበት። ሙቀቱ እየበረታ፣ የአቧራው ማዕበል ሰማዩን ማቅላት በጀመረበት ሰሞን መርጃን ራሱን ይንጥ ጀመር። ያሲን የልጓሙን ዛብ ሲይዝ ፈረሱ አፍንጫውን ወደ ሰማይ ይወረውራል። አንድ ጊዜ የፈረሱ ራስ የያሲንን ከንፈር ሰነጠቀው። አም ዑስማን መጀመሪያ ኮርቻ ለወጠ። ጀርባውን ዳሰሰ፤ ቁስል የለም። ቀጥሎ ያሲንን «እጅህ ከባድ ነው» አለው። ከባድ እጅ ፈረስን እንደሚያስመርር እውነት ነው፤ የያሲን እጅ ግን ቀላል ነበር። በመጨረሻ አም ዑስማን «ዓኒድ ነው» ብሎ ደመደመ። ከፈረሱ አፍንጫ ማሰሪያ ተነሥቶ በፊት እግሮቹ መካከል አልፎ ከኮርቻው መቀነት ጋር የሚታሰር ጠፍር ሠራ፤ ራሱን እንዳያነሣ ወደ ታች የሚይዘው። ውድድሩ አርብ ነው። ባለቤቱ በየቀኑ እየመጣ ይጨቀጭቃል።

እኔ ግን የማየው ሌላ ነገር ነበር። መርጃን ከግርግሙ ሥር ግማሽ የታኘከ የበርሲም ድብልብል ይጥላል። በአንድ በኩል ብቻ ያኝካል። ረቡዕ ጠዋት ውኃ ሳጠጣው አውራ ጣቴን ጥርስ በሌለበት ክፍተት አስገብቼ አፉን ከፈትኩ። ራሱን ነጥቆኝ ወደ ኋላ ሸሸ። ጣቴ ላይ ግን ደም የቀላቀለ ልጋግ ነበር፤ ይሸታልም። አባቴ እንዲህ የሆነ ፈረስ አፍ ሲከፍት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የመንጋጋ ጥርስ እንደ ምላጭ ሾሎ የውስጥ ጉንጩን ይቆርጠዋል፤ ልጓም ሲጎተት ጉንጩ ጥርሱ ላይ ይጫናል። ፈረሱ የሚሸሸው ከዚያ ነው።

ለያሲን ነገርኩት። «እኔ እጄ ላይ ይሰማኛል፤ እሳት እንደነካ ነው የሚሆነው» አለኝ። «እኔ ብነግረው አም ዑስማን አይሰማም፤ እጅህ ነው ይለኛል። አንተ ንገረው። ዛሬ ንገረው።»

ከሰዓት በኋላ አም ዑስማን ዳሱ ጥላ ሥር ተቀምጦ ጠፍሩን ሲሰፋ አገኘሁት። የጠዋቱን ደም ሱሪዬ ላይ ጠርጌው ነበር።

«የመርጃን ጥርስ ሳይሆን አይቀርም» አልኩት በተሰባበረ ዓረብኛዬ።

ቀና ብሎ አየኝ፤ አልተቆጣም። «ታውቃለህ ወይስ ትገምታለህ?» አለኝ። «ጥርስ የሚያይ የእንስሳት ሐኪም ያለው ከወንዙ ማዶ፣ ባሕሪ ከተማ ነው። ከጠራሁት ውድድሩን አስቀራለሁ ማለት ነው። ሐኪሙ ምንም ካላገኘ ባለቤቱ ፈረሱን ይወስዳል፤ ይህን ያለው ማነው ብሎም ይጠይቃል። እኔም ልዋሸው አልችልም። ስለዚህ ንገረኝ፤ ታውቃለህ?»

አውቅ ነበር። ግን ከጋጣው ብባረር እንደገና ሲያፍሱኝ «የእኔ ነው» የሚለኝ ሰው እንደማይኖር አሰብኩ። የፖሊስ መኪናው ወለል ሙቀት ትዝ አለኝ።

«እገምታለሁ» አልኩት።

ትንሽ ጠበቀኝ፤ የምጨምረው ካለ ብሎ ይመስለኛል። ከዚያ ወደ ስፌቱ ተመለሰ።

ሐሙስ ጠዋት ጠፍሩን ያሰርኩት እኔ ነኝ። አም ዑስማን «አንድ ቀዳዳ አጥብቀው» አለኝ፤ አጠበቅኩት። ያሲን ኮርቻው ላይ ሆኖ በአማርኛ «ነገርከው?» አለኝ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። መርጃን ገና አሸዋው ላይ ጥቂት እንደሄደ ራሱን ሊወረውር ሲል ጠፍሩ ያዘው። ታገለው። መሸሻ ሲያጣ በኋላ እግሮቹ ቆመ፤ ሚዛኑን ሳተና ወደ ኋላ ወደቀ። ያሲን ከሥር ነበር። ፈረሱ ተነሣ፤ ያሲን አልተነሣም። ቦክሲ በምንላት ጭነት መኪና ላይ፣ በርሲም አንጥፈን፣ ሐኪም ቤት አደረስነው። አም ዑስማን መንገዱን ሙሉ የያሲንን ራስ በጭኑ ላይ ይዞ ነበር።

የዳሌው አጥንት ተሰባብሯል አሉን።

ቅዳሜ የእንስሳት ሐኪሙ መጣ። የመርጃንን አፍ በመክፈቻ ይዞ በባትሪ አየና ለአም ዑስማን አሳየው። በረጅም ሞረድ ጥርሱን ሞረደው፤ ለሦስት ሳምንት ልጓም እንዳይገባበት አዘዘ። ሥራው ሻይ አፍልቶ ከመጠጣት ብዙም አልረዘመም። መርጃን ከዚያ በኋላ በሁለቱም በኩል አኘከ፤ ራሱንም አልናጠ።

በሳምንቱ ያሲንን ልጠይቅ ሄድኩ። እትዬ የሺ ራስጌው ተቀምጠው በመሀረብ ዝንብ ይከላከሉለታል። ያሲን ጣራውን እያየ፣ «አም ዑስማን ምን አለህ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ስትነግረው ምን አለህ?»

እትዬ የሺም ቀና ብለው አዩኝ።

«ነገርኩት። አልሰማኝም» አልኩ።

ይህን ተናግሬ ሳልጨርስ አም ዑስማን ብርቱካን በከረጢት ይዞ ገባ። ያሲን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ነግሮህ ነበር» አለው በዓረብኛ። «ጥርሱ ነው ብሎ ነግሮህ ነበር።»

አም ዑስማን ወደ እኔ ዞረ። ረጅም ጊዜ አየኝ። ወለሉን ማየት ፈልጌ ነበር፤ ግን አልቻልኩም።

«ነግሮኝ ነበር» አለ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ልጄ።» ብርቱካኑን እግርጌው አስቀምጦ ወጣ።

ተከትዬው ወጣሁ። ግቢው ውስጥ የኒም ዛፍ ሥር ቆሞ ነበር። የሚለኝን ጠበቅኩ። «ነገ በጊዜ ና» አለኝ፤ «ሙቀቱ ከፍቷል፣ ፈረሶቹ ቀድመው ይጠጡ።» ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ከእሱ ጋር ስሠራ ይህን ነገር አንሥቶብኝ አያውቅም።

ያሲን በከዘራ መሄድ ቻለ፤ ፈረስ ግን አልጋለበም። የእናቱን የስፌት መኪና ተረክቦ ልብስ ሰፊ ሆነ። አም ዑስማንን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አላናገረውም። እትዬ የሺ ሲሞቱ አም ዑስማን ለቅሶ መጥቶ እንደ ደንቡ መዳፎቹን ለዱዓ ዘረጋ። ተቀማጩ ሁሉ ሲዘረጋ ያሲን እጆቹን ከጭኑ ላይ አላነሣም። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ሹፌር ሆኜ፣ ትዳር ይዤ፣ ልጆች ወልጄ፣ በየሳምንቱ ያሲን ዘንድ እየተቀመጥኩ፣ ያንን ቃል ሳላስተካክል ኖርኩ።

ጦርነቱ ሲመጣ ያሲን ወደ ካይሮ ተሰደደ፤ እኔ ወደ ገዳሪፍ፤ ውጊያው ከከተማው ሲርቅ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። አም ዑስማን አርጅቶ ስለነበር ከጀብራ አልንቀሳቀስም አለ፤ እዚያው ሞተ ሲባል ሰማሁ።

የውኃው ካሮ የመጣ ቀን በሩ ላይ እንደተቀመጥኩ ለያሲን ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኩት፤ አም ዑስማን «ታውቃለህ ወይ» ያለኝን፣ «እገምታለሁ» ያልኩትን፣ ሐኪም ቤት የዋሸሁትን።

«አም ዑስማን የት ነው የተቀበረው?» አለኝ ያሲን።

«ጀብራ ነው ይላሉ። ቦታውን አላውቅም።»

«ፈልገው» አለና ዘጋው።

ሁለት አርብ ጀብራ ሄድኩ። የጎረቤቶቹ ቤት አብዛኛው ባዶ ነው። አንዲት የተመለሱ ሴትዮ፣ መቃብር መድረስ በማይቻልበት ጊዜ ስለነበር ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ከሌሎች ጋር እንደቀበሩት ነገሩኝ፤ አጽሞቹ በኋላ ተነሥተው ወዴት እንደተወሰዱ ግን አያውቁም። አሁን እኔ አም ዑስማን ያኔ ከነበረበት ዕድሜ አሥር ዓመት አልፌያለሁ። ዝምታውን ለብዙ ጊዜ ምሕረት ነው እያልኩ እጽናናበት ነበር። ዛሬ ሳስበው፣ ከሁለታችን ወረቀትም ወገንም ያለው እሱ ስለሆነ ሸክሙን የሚችለው እኔ ነኝ ብሎ የተሸከመልኝ ይመስለኛል፤ እኔም አንድ ቀን አድጌ እስክቀበለው ሳይጠብቅ አልቀረም። ያሲን ከዚያ ወዲህ አልደወለም። እኔም ቦታውን ሳላገኝ ልደውልለት አልደፈርኩም።