«ምንም የለም» የተባልኩ ቀን

ፈረንሳይኛ አስተምራለሁ፤ ቤቴል አካባቢ ባለ አንድ አነስተኛ የቋንቋ ትምህርት ቤት። ሰው ሁሉ አንድ አመል አያጣም፤ የኔ አመል የአሉታ ቃላትን ማሳደድ ነው። የአውሮፓ ቋንቋዎች «አይደለም»ን፣ «ማንም»ን፣ «ምንም»ን ከየት እንዳመጡ ሳነብ ሻይዬ ይቀዘቅዛል፣ ታክሲም ያመልጠኛል።

ተማሪዎቼን መጀመሪያ የምትገርማቸው «ፓ» ናት። ፈረንሳዮች «አልሄድም» ማለት አልበቃ ሲላቸው «አንዲት እርምጃ አልሄድም» አሉ፤ «ፓ» ያቺ እርምጃ ናት። መጠጥ ሲሆን ጠብታ፣ ምግብ ሲሆን ፍርፋሪ ይጨምሩ ነበር። በኋላ እርምጃዋ ሁሉንም አሸንፋ መብላትም መተኛትም ውስጥ ገባች። ዛሬ ሲያወሩ ዋናውን አሉታ ጥለው እሷን ብቻ ይዘው ይሄዳሉ፤ ልትደግፍ መጥታ ቤቱን ወረሰችው። «ምንም» የሚሉበት «ርየን» ደግሞ ትውልዱ የላቲን «ነገር» ነው። «ማንም» የሚሉበት ቃል ያው «ሰው» ነው። ጀርመኖች «አይደለም» የሚሉበት «ኒኽት» ውስጥ ደግሞ «ፍጡር» የሚል ጥንታዊ ቃል ተደብቋል።

«እኛስ?» እላቸዋለሁ። ውሃ በጠፋ ሳምንት ከሆነ ክፍሉ በሙሉ ይመልሳል፦ «ጠብታ የለም!»

በእኛ ቤት ግን ነገሩ ቀልድ አልነበረም። የኛ ቤተሰብ «ምንም የለም» ሲል ውስጡ ሁልጊዜ አንድ ነገር አለ። አባቴ የሞተ ቀን አጎቴ ሥራ ቦታዬ ድረስ መጥተው «ምንም አልሆነም፣ ትንሽ አሞት ነው» እያሉ ነው ቤት ያደረሱኝ። እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ያጣች ጊዜም «ምንም የለም፣ ና» ነበር የተባልኩት። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ብቻውን መንገድ ላይ እንዳይሰማው ነው። ደግነት መሆኑ ይገባኛል። ቢሆንም ያናድደኛል።

ባለፈው ክረምት እህቴ ሁለተኛዋን ልትወልድ ሆስፒታል ገባች። ሌሊቱን ምጥ ላይ ነበረች። ጠዋት ሳልፈልግ ወደ ሥራ ያባረረችኝ እናቴ ናት፤ «እዚህ ስትንቆራጠጥ እሷን ታስጨንቃለህ፣ ሂድና አስተምር» አለችኝ። ሄድኩ፤ ምን እንዳስተማርኩ ግን ዛሬም አላውቀውም።

ከሰዓት በኋላ ክፍል ውስጥ ሳለሁ እናቴ ደወለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የምታወራው።

«ቤት ና» አለችኝ።

«ምን ሆነ እማዬ? እሷስ?»

«ምንም የለም። ና ብዬሃለሁ፣ ስትመጣ እነግርሃለሁ።» ዘጋችው።

የእህቴ ባል ጋ ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ተማሪዎቼን ምን ብዬ እንዳሰናበትኳቸው አላስታውስም። ከቤቴል አየር ጤና፣ ከአየር ጤና 18 ማዞሪያ ታክሲ ስቀያይር ከንፈሬ ይጸልያል፣ ልቤ ግን ከእግዜር ጋር ይጣላል። ጴንጤ ቤት ነው ያደግኩት፤ ጸሎት አይጠፋኝም። ያን ቀን ግን «ጌታ ሆይ፣ እባክህ እሷን ብቻ» ከማለት አላለፍኩም። ረዳቱ «ጠጋ በል ወንድሜ» ሲለኝ ጮህኩበት።

ወደ ሰፈራችን ቅያስ ስታጠፍ ድንኳን አየሁ። የእድሩ ድንኳን ነው፣ በራችን ላይ ተተክሏል።

ቅያሳችን ጠባብ ስለሆነ ድንኳን በተተከለ ቁጥር የሁለት ቤት በር እንደሚሸፍን አውቃለሁ። እኔው ራሴ ስንቴ ተሸክሜ ተክዬዋለሁ። በዚያች ሰዓት ግን ይህ ሁሉ ከጭንቅላቴ ወጣ። «ወይኔ! ወይኔ!» እያልኩ ዘለቅኩ። እያለቀሰ የገባን ሰው ለብቻው የሚተው የለም፤ የተቀመጠው ሁሉ ተነስቶ አብሮኝ ማልቀስ ጀመረ። አንዱ ትከሻዬን፣ አንዱ ወገቤን ይዞኛል። ጥቁር የለበሱ የጎረቤታችን ሚስት መጥተው አንገቴን አቀፉኝ። «ውይ ልጄ፣ እንዲህ ትወደው ኖሯል?» አሉኝ።

ማንን? ብዬ ቀና ስል እናቴ ከሴቶቹ መሃል ወጥታ ክንዴን መዘለገችኝ።

«ምን ነካህ? ያረፉት እኮ ጋሼ ናቸው!» አለችኝ በሹክሹክታ። ከኛ አጥር ማዶ ለብዙ ጊዜ ታመው የተኙት ሽማግሌ ማለቷ ነው።

«እህቴስ?»

«ወልዳለች! እሷም ልጇም ደህና ናቸው። አጥሚቱን የሚያደርስልኝ ሰው ባጣ ነው የጠራሁህ። ለቅሶ ላይ ተቀምጬ ልጄ ወለደች ብዬ ላውራ?»

አግዳሚው ላይ ዘጭ ብዬ ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ። ተመስገን፣ ተመስገን አልኩ፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝም። እውነት ለመናገር ሳቄም መጥቷል፤ በለቅሶው ሸፈንኩት። በዚያ መሃል አመሌ አልተወኝም፤ ስፔኖች «ምንም» ሲሉ የሚጠሩት «ናዳ» ሥሩ «የተወለደ» ማለት እንደሆነ ትዝ አለኝ። እዚያ ድንኳን ውስጥ የዚህ ነገር ደስታ የገባው ከኔ በቀር አልነበረም።

ቀና ስል የሟች ሚስት ከፊታችን ቆመዋል። ሁሉንም ሰምተዋል። ለካ እናቴ ስትናደድ ሹክሹክታዋም ይሰማል።

«መቼ ነው የወለደችው?» ብለው ጠየቋት።

እናቴ መሬት መሬት እያየች «እኩለ ቀን ላይ» አለች።

«እስካሁን አፍነሽ ይዘሽው ነው?»

«እርስዎ እንዲህ ሆነው እንዴት አድርጌ ልንገርዎ?»

«የኔው ዕድሜውን ጠግቦ ነው የሄደው» አሉ። «ያቺ ልጅ የመጀመሪያዋን ያጣች ጊዜ አብሬያት አልቅሻለሁ። አሁን ዝም ልበላት? በሉ፣ እልል በሉላት።»

ማንም አልደፈረም። ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ማን እልልታ ይጀምራል? ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቀረች።

እሳቸው ራሳቸው ጀመሩት። ድምፃቸው በለቅሶ ሰልሎ ስለነበር መሃል ላይ ተቆረጠባቸው፤ እናቴ ተቀብላ ጨረሰችላቸው።