የእህቴ ቀኝ እጅ

ታላቅ እህቴ በሕፃንነቷ ትኩሳት ታማ መስማት ካቆመች ጀምሮ የምታወራው በእጇ ነው። ትምህርት ቤት የሚያስተምሩትን የምልክት ቋንቋ አታውቅም፤ በልጅነቷ ሞጣ ውስጥ የሚያስተምራት አልተገኘም። የራሷን ቋንቋ ከእናታችን ጋር ሆነው እቤት ውስጥ ፈጠሩት። አባታችን ጢሙን ሲዳብስ የሚውል ሰው ስለነበር አገጭን መዳበስ እሱ ነው። እኔ ጉትቻ ጆሮዬን ቀዶኝ ስለነበር ጆሮን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መቆንጠጥ እኔ ነኝ። እጅን ውሃ እንደሚያራግፍ ሰው ወደ ታች ማርገፍገፍ ደግሞ «በቃኝ፣ ተዉኝ» ማለት ነበር።

አባታችን ጨርቅ ነጋዴ ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ ሱቁን እናታችን ያዘች፤ እህቴ በረንዳው ላይ የስፌት መኪናዋን አስቀምጣ ልብስ ትሰፋለች። ለዒድም ለፋሲካም ደንበኛ አታጣም ነበር። ደንበኛው ክንዱ እንዲያጥር ወይም ወገቡ እንዲጠብ ሲፈልግ እናታችን በእጇ ታስረዳታለች፤ ጨርቁን ለክታ የምትቆርጠውም የምትሰፋውም እህቴ ራሷ ናት። እኔ አስተማሪ ሆኜ ቢቸና ተመደብኩ፤ እዚያው አግብቼ ቀረሁ።

አንድ ክረምት እናታችን ደወለችልኝ።

«እህትሽ በቃኝ ትለኛለች» አለችኝ።

«ምኑ ነው የበቃት እማ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ሥራዋን ጣል አድርጋ እጇን ታርገፈግፍብኛለች። ከእንቅልፏ ስትነቃም እንደዚያው ናት። ምን እንዳጎደልኩባት አላውቅም። እኔን ሰልችታኝም እንደሆነ አላህ ይወቅ።»

ከዚያም ስታለቅስ ሰማኋት። አባታችን ሲሞት እንኳ ሰው ፊት ያላለቀሰች ሴት ነበረች።

በሳምንቱ ሞጣ ሄድኩ። እህቴ በረንዳው ላይ ሆና ስታየኝ ፊቷ በራ። ወዲያው ግን መቀሱ ከእጇ አምልጦ ወደቀ፤ ስታነሳውም ዳግመኛ አመለጣት። አጠገቧ ተቀመጥኩና ምን እንደሆነች ጠየቅኳት። አውራ ጣቷን፣ ሌባ ጣቷን፣ የመሐል ጣቷን አንድ በአንድ ነካች፤ በሌላው እጇ ደግሞ ጉንዳን ሲርመሰመስ አሳየችኝ። ቀጥላ እጇን አርገፈገፈች።

«አየሽ?» አለች እናታችን ከውስጥ ሆና። «ይኸው በቃኝ እያለች ነው።»

መጀመሪያ ወጌሻ ጋር ሄደን አሻት፤ ሕመሙ ባሰባት። ጤና ጣቢያ ደግሞ የሪህ ክኒንና የቫይታሚን መርፌ ሰጧት። ምንም ለውጥ ሲጠፋ እቃዋን አስይዤ በደብረ ወርቅ በኩል ቢቸና አመጣኋትና ሆስፒታል ወሰድኳት።

ያየን ሐኪም ገና ወጣት ነው። ጥያቄውን እኔ በእጅ እየነገርኳት፣ መልሷን ለእሱ እየመለስኩ ቆየን። መሐል ላይ እጇን አርገፈገፈች።

«ምን አለች?» አለኝ።

«‹በቃኝ› ማለቷ ነው ዶክተር። መጠየቁ ሰልችቷት ይሆናል።»

ሐኪሙ እጇን ቆይቶ አየው። «ከእንቅልፏ ስትነቃም እንዲህ ታደርጋለች?»

«አዎ። እናቴን ያስለቀሳትም እሱ ነው።»

«እስቲ ይህን አሳዪያት» አለና የሁለት እጆቹን ጀርባ አገጣጥሞ አንጓዎቹን ወደ ታች አጠፋቸው። እህቴም እንደ እሱ አደረገች። ትንሽ እንደቆየች ፊቷን አጨፍግጋ እጇን ነጠቀችና አርገፈገፈች። አንጓዋን በጣቱ ጫፍ ቀስ አድርጎ ሲመታት ደግሞ ሕመሙ እስከ ጣቷ ጫፍ እንደሮጠ አሳየችው። በመጨረሻ ትንሿን ጣቷን ነካት፤ እሷን እንደማያማት አሳየችው።

«በቃኝ እያለች አይደለም» አለኝ። «ይህ ሕመም ያለበት ሰው ሁሉ እጁን ያራግፋል። የደነዘዘውን ማንቃቱ ነው።»

እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አሳየኝ። ከትንሿ በቀር ወደ ጣቶቹ የሚሄደው ነርቭ አንጓ ላይ በጠባብ መተላለፊያ፣ ከብዙ ጅማቶች ጋር ተጋፍቶ ነው የሚያልፈው፤ እጅ ከሥራ ብዛት ወይም በሌላ ምክንያት ሲያብጥ ነርቩ ይታፈናል። ስኳርና የእንቅርት ምርመራ አዘዘላት፤ ሁለቱም ንጹሕ ሆኑ። ከዚያ አውራ ጣቷ ሥር ያለውን ሥጋ ዳበሰው። በግራ እጇ ሞላ ያለው ቦታ በቀኟ ጎድጉዷል።

«ቶሎ ብትመጣ ኖሮ የአንጓ ማሰሪያ ወይም መርፌ ይበቃት ነበር። አሁን ግን ጡንቻው መሞት ጀምሯል። መተላለፊያው በቀዶ ጥገና መከፈት አለበት» አለና ወደ ባሕር ዳር ጻፈልን። እስከዚያው አንጓዋን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ማሰሪያ አሰረላት።

ከሆስፒታሉ በር እንደወጣን ለእናታችን ደወልኩ።

«እማ፣ በቃኝ አላለችሽም። እጇ ደንዝዞባት እያነቃችው ነው።»



«ይህን ሁሉ ጊዜ አመመኝ ስትለኝ ነው የከረመችው?» አለች።

ያን ሰሞን መንገዱ ተዘጋ። ተኩስ አለ ይባላል፤ መኪና አይንቀሳቀስም፤ ስልክም ይጠፋል። እህቴ እኛ ቤት ማሰሪያዋን አድርጋ ተቀመጠች። እንቅልፍ አገኘች፤ አውራ ጣቷ ግን ከቀን ወደ ቀን እየከዳት ሄደ። ቁልፍ መቆለፍ አቃታት። መንገዱ ሲከፈት ወደ ባሕር ዳር ስናልፍ ሞጣ ገብተን እናታችንን አገኘናት። የቆየ የልብ ድካሟ ጠንቶባት አልጋ ይዛለች። እህቴን ስታይ የታመመውን እጅ ወደ ራሷ ስባ ጉንጯ ላይ አሳረፈችው። ልንቆይ ብንልም «ሂዱ፣ እጇን አሳክሟት» ብላ ገፋችን።

ባሕር ዳር ያደነዘዙላት እጇን ብቻ ነበር። ቀኙ እየተቀደደ፣ ግራው ላይ ጉሉኮስ ተሰክቶ፣ ነቅታ ሳለች በእጇ ምንም መናገር አትችልም። እባካችሁ አጠገቧ ልሁን ብዬ ለምኜ ራስጌዋ ቆምኩ። ዓይኗን ከፊቴ ላይ አልነቀለችም። አይዞሽ ለማለት ከጭንቅላት መነቅነቅ ሌላ ያወቅኩት አልነበረም።

እጇ እንደታሸገ ወደ ሞጣ ተመለስን። እናታችን ደክማለች። እህቴ በግራ እጇ ስለ ጉዞው ልትነግራት ሞከረች፤ ግራዋ ሥራውን አያውቀውም፤ ምልክቶቹ ይጣመማሉ፣ ይቀራሉ። እናታችን ትራሷ ላይ ሆና አየቻትና ፈገግ አለች።

«እንደ ገና አፍ ልትፈታ ነው» አለችኝ።

ስፌቱ ሳይወጣላት እናታችን አረፈች። ጎረቤቱ ሊያስተዛዝን ሲገባ እህቴ የታሸገ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣ ነበር። ሰው ሁሉ ከእኔ ጋር አለቀሰ፤ እሷን ትከሻዋን እየነካ አለፈ።

አሁን ቢቸና እኔ ጋር ነው የምትኖረው። ሕመሙ ለቋታል፤ ጣቶቿ ጨርቅ ከጨርቅ ይለያሉ። የሞተው ጡንቻ ግን አልተመለሰም፤ መቀስ አትይዝም። ግራ እጇም መደንዘዝ ሲጀምራት ሳንውል ሳናድር ሐኪሙ ጋር ወሰድኳት፤ ግራው በማሰሪያ ብቻ ተሻላት። የስፌት መኪናውን ከሞጣ አስመጥቼ መስኮቱ ሥር አድርጌላታለሁ። እኔ ቆርጬ እሰጣታለሁ፤ እሷ ቀጥ ቀጥ ያለውን፣ የመጋረጃና የአንሶላ ጠርዝ ትሰፋለች።

ከእኔ ጋር የምታወራው ትንሽ ነው። ገና በወጣትነቴ ከቤት ስለወጣሁ ከቋንቋዋ የማውቀው የምግቡን፣ የሥራውን፣ የሰዎቹን ስም ያህል ነው። ባለፈው ዝናብ ሲጥል መስኮቱ ጋር ቆማ አንድ ነገር ነገረችኝ። አልገባኝም። ደገመችልኝ፤ ቀስ ብላ፣ ቀኝ እጇን በግራዋ እየደገፈች። አሁንም አልገባኝም። ከእናታችን ጋር ስታወራበት አይቼው አውቃለሁ፤ ትርጉሙን ግን ጠይቄ አላውቅም። ትንሽ ጠብቃኝ ወደ መኪናዋ ተመለሰችና የጀመረችውን መጋረጃ መስፋት ቀጠለች።